ማራቶን በማግስቱ ማራቶን፦ ለበጎ አድራጎት በተከታታይ ስለመሮጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በብዛት የሚመጡት ከሁለት ዐይነት ሰዎች ነው፤ “እኔም ልሞክረው ይሆን?” ብለው ከሚያስቡና “ለዚህ ሯጭ ገንዘብ ልስጥ ወይስ አልስጥ?” ብለው ከሚያመነቱ። መልሶቹ የተጻፉት ለሁለቱም ነው። ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመተ ምሕረቶቹ በተለየ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በተከታታይ ማራቶን መሮጥ ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነውን ሙሉ የማራቶን ርቀት በየቀኑ፣ ወይም በመሐሉ በጣም አጭር ዕረፍት እየወሰደ፣ ለተወሰኑ ቀናት ደጋግሞ ሲሮጥና በዚሁ ምክንያት ለአንድ በጎ ዓላማ ገንዘብ ሲያሰባስብ ማለት ነው። ሩጫው ውድድር መሆን የለበትም፤ አብዛኛው የሚካሄደው በተራ መንገድ ላይ፣ ያለ ተፎካካሪና ያለ ሜዳሊያ ነው። የቀኑ ቁጥር ግን እንዲሁ አይመረጥም። እንግሊዛዊው የቀድሞ የራግቢ ተጫዋች ኬቨን ሲንፊልድ በ2020 በ7 ቀን 7 ማራቶን የሮጡት፣ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ በሚገድለው በሞተር ኒውሮን በሽታ የተያዙት የቡድን ጓደኛቸው ሮብ በሮው ይለብሱት የነበረው መለያ 7 ቁጥር ስለነበር ነው። ሊያሰባስቡ ያሰቡትም 77,777 ፓውንድ ነበር፤ የተሰበሰበው ግን ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። ኮሜዲያን ኤዲ ኢዛርድም በ2016 በደቡብ አፍሪካ 27 ማራቶን በ27 ቀን የሮጡት ኔልሰን ማንዴላ በእስር ያሳለፏቸውን 27 ዓመታት በማሰብ ነበር።

አንድ ማራቶን ብቻ ሮጦ ገንዘብ መሰብሰብ አይቻልም?

ይቻላል፤ ለአብዛኛው ሰውም የሚመከረው እሱ ነው። የለንደን ማራቶን በ2024 ብቻ ሯጮቹ ለልዩ ልዩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከ70 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያሰባሰቡበት ውድድር ነው፤ እያንዳንዱ ሯጭ የሮጠውም አንድ ማራቶን ነው። በኢትዮጵያም አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተውና በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሳለ ከሩጫው ጎን ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰብበታል።

ተከታታይ ሩጫ ከአንድ ቀኑ የሚለየው ወሬው ለመዛመት ጊዜ ስለሚያገኝ ነው። ለዚህ ከካናዳዊው ወጣት ከቴሪ ፎክስ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ቴሪ በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ሚያዝያ 12 ቀን 1980 ከኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ተነሥቶ በሰው ሠራሽ እግር ካናዳን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ፣ በየቀኑም ወደ አንድ ማራቶን የሚጠጋ ርቀት ሊሸፍን ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝናብ፣ ነፋስና በረዶ እንጂ ብዙ ተመልካች አላገኘም። ከዚያ ፖርት ኦ ባስክ የምትባል 10,000 ያህል ነዋሪ ያላት ትንሽ ከተማ ሲደርስ ሕዝቡ ከ10,000 ዶላር በላይ አዋጥቶ ጠበቀው። በነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር መሆኑ ነው። “ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር” የሚለው ግቡም የተጠናከረው በዚያች ከተማ ነው። ሩጫው የአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ ፖርት ኦ ባስክ አይደርስም ነበር።

እንደ ኃይሌና እንደ ቀነኒሳ ያሉ አትሌቶች በዓመት ሁለት ማራቶን ብቻ የሚሮጡ ከሆነ ተራ ሰው እንዴት በሳምንት ሰባት ይሮጣል?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ እንደ እኛ ባለ የሯጭ አገር ደግሞ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። መልሱ ፍጥነት ነው። በ2 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ የሚገባ አትሌት ሰውነቱን እስከ ጥጉ ይጠቀምበታል፤ ከዚያ ለማገገም ሳምንታት፣ እንደገና ለመዘጋጀትም ወራት ያስፈልጉታል። ሻምበል ማሞ ወልዴ በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ብር ካገኙ ከሰባት ቀን በኋላ ማራቶኑን ማሸነፋቸው እስከ ዛሬ የሚያስደንቀን ለዚህ ነው።

በተከታታይ የሚሮጠው ሰው ግን ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው። ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ዳገት ሲያጋጥመው ይራመዳል፤ ቆሞ ይበላል። ኢዛርድ በ2009 በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ 43 ማራቶን በ51 ቀን ሲሮጡ ከዚያ በፊት የሯጭነት ታሪክ አልነበራቸውም፤ የተዘጋጁትም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። (የዝግጅቱን ማጠር እንደ አርአያ መውሰድ አይገባም።) ስለዚህ ተከታታይ ማራቶን ያሰበ ሰው ሰዓቱን ቤቱ ትቶ መውጣት አለበት። በመጀመሪያው ቀን ጉራ የነካው ሯጭ ሦስተኛው ቀን ላይ ዋጋውን ይከፍላል።

በሰውነት ውስጥ ምን ይከሰታል?

በመጀመሪያ ነዳጁን እንመልከት። ጡንቻና ጉበት በግላይኮጅን መልክ የሚያከማቹት ኃይል በግምት 2,000 ካሎሪ ገደማ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ማራቶን ሲሮጥ ደግሞ ወደ 3,000 ካሎሪ ያቃጥላል፤ ልዩነቱ ከስብና በመንገድ ላይ ከሚበላው ይሸፈናል። ችግሩ የባዶው ጎተራ እንደገና መሙላት ነው፤ በደንብ ተበልቶም እንኳ አንድ ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በማግስቱ ጠዋት የሚነሣው ሯጭ ስለዚህ ጎተራው ሳይሞላ ነው የሚነሣው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ጉድለቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ሁለተኛው የጡንቻ ጉዳት ነው። እግር መሬት በነካ ቁጥር የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብሳል። ከዚህ የሚመጣው ሕመም ወዲያው አይሰማም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚበረታው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው አንድ ማራቶን ብቻ ሮጦ በማግስቱ የቤቱን ደረጃ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ እየተራመደ የወረደ ነው፤ ከታች ሆነው የሚያዩት ጎረቤት “ምነው፣ ዕቃ ረሳህ እንዴ?” ብለው ጠይቀውታል። በተከታታይ የሚሮጥ ሰው በዚያው እግር ነው ሁለተኛውን 42 ኪሎ ሜትር የሚጀምረው። ብዙዎች እንደሚሉት ከባዱ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያለው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት ሕመሙን የለመደ ይመስላል። መልመድ ማለት ግን መዳን አይደለም።

ሦስተኛው ትንንሽ የሚመስለው ጣጣ ነው፦ ውኃ የቋጠረ ተረከዝ፣ የጠቆረ የእግር ጥፍር፣ በላብና በጨው የተላጠ ብሽሽት። እነዚህ ማንንም አይገድሉም፤ ነገር ግን ሯጩ የተላጠውን ላለመንካት ሲል አረጋገጡን ይቀይራል፤ አረጋገጡ ሲቀየር ጉልበቱ ይታመማል፤ ጉልበቱን ሲያስታምም ዳሌው ይነሣል። ልምድ ያላቸው ሯጮች ማታ ማታ ከምንም አስቀድመው እግራቸውን የሚያዩት ለዚህ ነው። እግር ስለሚያብጥ ከተለመደው ቁጥር ግማሽ ወይም አንድ ከፍ ያለ ጫማ መያዝ ይበጃል፤ ጫማውንም እያፈራረቁ ማድረግ።

ሩጫውን ማቆም ያለብኝ መቼ ነው?

ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ወይም እንደ ቡና ሲጠቁር ወዲያው ቆሞ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። የተጎዳ ጡንቻ ይዘቱን ወደ ደም ሲለቅቅ ራብዶማዮሊሲስ የሚባል ሕመም ይመጣል፤ ኩላሊትን ሊያቆም የሚችል ስለሆነ “ነገ ይሻለኛል” የሚባልበት አይደለም። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ግራ መጋባት፣ እንዲሁም አንድ ቦታ ላይ በጣት ሲነካ የሚያስጮህ የአጥንት ሕመም የዚያኑ ያህል ግልጽ ምልክቶች ናቸው። ሕመምን ለማስታገስ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶችን እየዋጡ መሮጥም አደገኛ ነው፤ ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ውኃንም ያለ ልክ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አቅጥኖ ለሞት ሊያደርስ ይችላል፤ ሲጠማ መጠጣት፣ ከውኃው ጋር ጨው ያለበት ነገር መቅመስ ይበቃል።

ማቆም ውርደት አይደለም። ኢዛርድ የደቡብ አፍሪካውን ሩጫ መጀመሪያ የሞከሩት በ2012 ሲሆን ከአራት ማራቶን በኋላ በጤና ምክንያት አቋርጠው ተመልሰዋል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሄደው ፈጸሙት። ቴሪ ፎክስ ደግሞ ለ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ መስከረም 1 ቀን 1980 ተንደር ቤይ ከተባለችው ከተማ አቅራቢያ ደረቱን አሞት ቆመ፤ ካንሰሩ ወደ ሳንባው ተዛምቶ ነበር። አገሩን ሳያቋርጥ በ22 ዓመቱ ሰኔ 28 ቀን 1981 ዐረፈ። ያሰበው “ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር” ግን እሱ በሕይወት ሳለ፣ በየካቲት 1981 ከ24 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ሞልቶ ነበር፤ በስሙ በየዓመቱ የሚደረገው ሩጫም እስካሁን ከ800 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ለካንሰር ምርምር አስገኝቷል። ሰጪዎች ገንዘባቸውን መልሱልን አላሉም።

የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ማድረግ ይችላል?

ያለ ሐኪም ፈቃድ በፍጹም። “ሰር ራኑልፍ ፋይንስ አድርገውት የለም ወይ?” የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። እውነት ነው፤ እንግሊዛዊው አሳሽ በ2003 ልባቸው ቆሞ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ከአራት ወር በኋላ ከዶክተር ማይክ ስትራውድ ጋር ከደቡብ አሜሪካ ተነሥተው በፎክላንድ፣ በሲድኒ፣ በሲንጋፖር፣ በለንደንና በካይሮ አድርገው ኒው ዮርክ ላይ ሰባተኛውን ማራቶን ጨርሰዋል፤ ገንዘቡም ለብሪታንያ የልብ ፋውንዴሽን ነበር። ሐኪማቸው የልብ ምታቸው በደቂቃ ከ130 እንዳያልፍ አስጠንቅቀዋቸው ሳለ መለኪያውን ረስተው መሄዳቸውን ራሳቸው በኋላ ተናግረዋል። አጠገባቸው የሚሮጠው ጓደኛ ግን ሐኪም እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ምን ይበላል? በጾም ወቅትስ?

በቀን 5,000 ካሎሪ ገደማ ለመብላት ዋናው እንቅፋት የሆድ እምቢታ ነው። ከድካም ብዛት ምግብ ይዘጋል። ስለዚህ በትንሹ በትንሹ፣ በየግማሽ ሰዓቱ መቅመስ ይሻላል፦ ሙዝ፣ ቴምር፣ ማር የተቀባ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች በጨው። ለእኛ ሆድ በሶን የሚያህል ያለ አይመስለኝም፤ በውኃና በማር ተበጥብጦ በኮዳ ይያዛል፣ አይበላሽም፣ ሳያኝኩም ይወርዳል። እንደ ጨረሱ በመጀመሪያው ሰዓት አጥሚት ወይም ገንፎ፣ ማታ ደግሞ ሩዝ ወይም ፓስታ ከእንቁላል ወይም ከሥጋ ጋር መብላት ለነገው ነው። በርበሬና ቅቤ የበዛበት ወጥ ግን የመጨረሻው ቀን እስኪያልፍ ይቆይ።

ጾምን በተመለከተ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከሉ ብቻውን አያግድም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍና ተልባ ብዙ ይሠራሉ። የሚያግደው ሰዓቱ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ፣ በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ በየቀኑ 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ አይገባም። ቀኑን ከፋሲካ ወይም ከዒድ በኋላ ማድረግ እየተቻለ መታገሉ ትርፍ የለውም።

ለመዘጋጀት ምን ያህል ጊዜ ያስፈልጋል?

ቢያንስ አንድ ሁለት ማራቶን ለሮጠ ሰው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት። ዋናው ልምምድ ቅዳሜና እሑድን አያይዞ መሮጥ ነው፤ ቅዳሜ 30 ኪሎ ሜትር ሮጦ እሑድ ጠዋት በዛለ እግር 25 መድገም። ያን ጊዜ ሰውየው ስለ ራሱ ብዙ ያውቃል።

የት ይሮጣል?

መንገዱ ሜዳ ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ከውጭ የመጣ ሰው ለመላመድ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይቀመጥ መጀመር የለበትም፤ እንጦጦም ለልምምድ እንጂ ለየቀኑ ማራቶን አይሆንም። በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በኩዌት ያሉ ወገኖች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወቅት፣ ያውም ሳይነጋ መጀመር ይኖርባቸዋል። አሰልቺ ቢሆንም ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር የምትሆን ዙር መርጦ እሷኑ መመላለስ ብዙ ጥቅም አለው፤ ምግቡም ሽንት ቤቱም ቅርብ ነው፣ አብሮ መሮጥ የፈለገ ሰውም ሯጩን የት እንደሚያገኘው ያውቃል። ኢዛርድ በ2021 ጥር 31 ማራቶን በ31 ቀን የሮጡት ለንደን ውስጥ በመሮጫ ማሽን ላይ ነበር።

አንድ ቀን ቢዘለልስ?

እውነቱን መናገር ብቻ ነው። ኢዛርድ በ2016 በአምስተኛው ቀን ሆስፒታል በመግባታቸው አንድ ቀን አመለጣቸው፤ የመጨረሻው ዕለት በፕሪቶሪያ ሁለት ማራቶን በአንድ ቀን ሮጠው አካካሱት። በ401 ቀን 401 ማራቶን ለመሮጥ የተነሡት እንግሊዛዊው ቤን ስሚዝም በመሐል በሕመም አሥር ቀን ሲያመልጣቸው ያንን ርቀት በቀሪዎቹ ቀናት ላይ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ መልሰውታል። ሕዝብ የተዘለለ ቀንን ይቅር ይላል፤ ተደብቆ የተገኘን ግን አይልም። የየዕለቱን ሩጫ በሰዓትና በካርታ መዝግቦ ለሁሉም ክፍት ማድረግ ከብዙ ሐሜት ያድናል።

ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል?

በሯጩ እጅ ባይገባ ይመረጣል። ከሁሉ የሚሻለው ሰጪው በቀጥታ ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ ሒሳብ የሚያስገባበት መንገድ ነው። በኢትዮጵያ ድርጅቱ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከእሱም በስሙ ገንዘብ ለማሰባሰብ የፈቀደበትን ደብዳቤ መቀበል ያስፈልጋል። በብሪታንያ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ጊፍት ኤይድ የሚለውን ሲመርጥ ድርጅቱ በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔኒ ከመንግሥት ያገኛል፤ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስለማያውቁ በየዓመቱ ሳይጠየቅ የሚቀረው ገንዘብ ያሳዝናል። በአሜሪካ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ከግብር ሊቀነስ ይችላል፤ ለአንድ ግለሰብ ሕክምና በጎፈንድሚ የተሰጠ ግን በአብዛኛው አይቀነስም። የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ እንዳለም አስቀድሞ መናገር ይገባል።

ዓላማው የአንድ ታማሚ ሕክምና ሆኖ ድርጅት ከሌለ፣ እንደ ዕድር ገንዘብ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ መክፈት ነው፤ ከሦስቱ አንዱም ሯጩ አይሁን። እያንዳንዱ ወጪ በደረሰኝ ይታይ።

የጉዞው ወጪ ከተሰበሰበው ላይ ይቀነሳል?

ባይቀነስ ይመረጣል። ጫማ፣ ነዳጅ፣ ማደሪያና ምግብ ከራስ ኪስ ወይም ለዚሁ ብሎ ወጪውን ከሚችል ድርጅት ቢሸፈን፣ “የሰጣችሁን ሳንቲም ሁሉ ደርሷል” ማለት ይቻላል። የሚቀነስ ከሆነ ደግሞ መጠኑ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይነገር። ስፖንሰር ሲመጣም ጥንቃቄ ያሻል፤ ቴሪ ፎክስ ምርታችንን አስተዋውቅልን የሚሉትን ኩባንያዎች ሁሉ መልሷል፤ ከሩጫውም ማንም እንዳያተርፍበት አጥብቆ ይናገር ነበር።

ሥራ ሳይተው ማድረግ ይቻላል?

አልፎ አልፎ አዎ። እንግሊዛዊው ጋሪ ማኪ በ2022 ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ማራቶን ሲሮጡ ብዙውን ጊዜ ማለዳ ሮጠው ወደ ሥራቸው ይገቡ ነበር፤ ለሁለት የካንሰርና የማስታመም ድርጅቶችም ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አስገኝተዋል። ለሌላው ሰው ግን ፈቃድ መውሰድ ይሻላል፤ ምክንያቱም ከሩጫው ይልቅ የሚያጥረው እንቅልፍ ነው።

ከመጨረሻው ቀን በኋላ ምን ይደረጋል?

ቢያንስ ለአንድ ወር ሩጫ አይነካም፤ በእግር መንሸራሸር ይበቃል። የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ከፍ ብሎ ይቆያል፤ የእግር ጣት መደንዘዝም እንዲሁ። ድንገት ቀኑ ባዶ ሲሆን የሚመጣው መከፋት ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ የተለመደ ነው፣ ያልፋል።

የገንዘቡ ሥራ ግን ገና ነው። ጠቅላላ የተሰበሰበው፣ ወጪውና ድርጅቱ የተረከበበት ደረሰኝ በወር ጊዜ ውስጥ ለሰጪዎች መድረስ አለበት። በሩጫው ወቅት “በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር እሰጣለሁ” ብለው ቃል የገቡ ሰዎች ዝርዝርም ይኖራል፤ ለእነሱ በዚያው ሳምንት መደወል ይገባል። ሁለት ወር ቆይቶ ሲደወልላቸው “የትኛው ሩጫ?” የሚሉ አይጠፉም።